ቁጠሩን እንጂ አትከተሉን

ለመደብር፣ ለሱፐርማርኬትና ለገበያ ማዕከል ባለቤቶችና አስተዳዳሪዎች

ጉዳዩ፦ በመደብር ውስጥ የደንበኞችን ስልክ በዋይፋይና በብሉቱዝ ስለ መከታተል

ሥራዬ ኔትወርክ መዘርጋት ነው። ኬብል እጎትታለሁ፣ የዋይፋይ መሣሪያ ጣሪያ ላይ እሰቅላለሁ፣ ሲግናል አልደርስ ያለበት ጥግ ካለ ምክንያቱን ፈልጌ አስተካክላለሁ። ከሥራ ስወጣ ደግሞ እንደማንኛውም ሰው የእናንተ ደንበኛ ነኝ። ስለዚህ ይህን ነገር ከጣሪያውም ከወለሉም በኩል አየዋለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ለደንበኛ ነጻ ኢንተርኔት ተብሎ የሚሰቀለው መሣሪያ ሌላም ሥራ ደርቦ ሊሠራ ይችላል። በሩን አልፎ የገባ ስልክ የት እንደቆመ፣ ምን ያህል እንደቆየ፣ በየት በኩል እንደወጣ ይመዘግባል። ስልክ ብቻውን አይሄድም። ስለዚህ የተመዘገበው ሰውዬው ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደንበኛው የእናንተን ዋይፋይ ሳይከፍት፣ አፕ ሳይጭን፣ ማንም «ይፈቅዳሉ ወይ?» ሳይለው ነው።

ቴክኖሎጂው ይታገድ ልላችሁ አልመጣሁም። ሰልፍ ማሳጠር ትፈልጋላችሁ። የትኛው መተላለፊያ እንደሚጨናነቅ፣ ሰው በሚበዛበት ቀን ስንት ካሸር ማሰማራት እንዳለባችሁ ማወቅ ትፈልጋላችሁ። ይገባኛል፤ እኔም ሰልፍ አልወድም። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ቁጠሩን፣ ግን አትከተሉን። ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ። ሲስተሙን የሚሸጡላችሁ ሰዎች ግን ልዩነቱን አፍታተው ሲያስረዱ አላየሁም። እኔ ልሞክር።

ዋይፋዩ የተከፈተ ስልክ ዝም ብሎ አይቀመጥም። የሚያውቀው ኔትወርክ በአካባቢው ካለ ለማግኘት በየጊዜው ጥሪ ያሰማል። ሰው ወደሞላበት አዳራሽ ገብቶ «የማውቀው ሰው አለ?» እያለ እንደሚጣራ እንግዳ ማለት ነው። መልስ ባያገኝም ድምፁን ሁሉም ሰምቶታል። የድሮ ስልኮችማ ይባስ ብለው ከዚህ ቀደም የተገናኟቸውን ኔትወርኮች በስም ይጠሩ ነበር፤ የቤቱን፣ የመሥሪያ ቤቱን፣ ያረፉበትን ሆቴል። ከጥሪው ጋር የመሣሪያው መለያ ቁጥር አብሮ ይወጣል። ማክ አድራሻ ይባላል፣ 48 ቢት ነው። የመጀመሪያው ግማሽ አምራቹ ማን እንደሆነ ይናገራል፣ ቀሪው ግማሽ ያንን አንድ መሣሪያ ከሌላው ይለያል። ስልኩ ራሱ ካልቀያየረው በስተቀር ከፋብሪካ ወጥቶ እስኪጣል ድረስ ያው ነው።

ጣሪያ ላይ ያለው መሣሪያ ጥሪውን ሲሰማ የሲግናሉን ጥንካሬ ይለካል። ጠንከር ካለ ስልኩ ቅርብ ነው፣ ከደከመ ሩቅ ነው። ያንኑ ጥሪ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ መሣሪያዎች ከሰሙት፣ ግምታቸውን አገናኝቶ ስልኩ ወለሉ ላይ የት ጋ እንዳለ ማስላት ይቻላል። በዚህ መንገድ ሲሠራ ስህተቱ ጥቂት ሜትሮች ነው። የብረት መደርደሪያ ካለ ይብሳል። ሰው ሲበዛም ይብሳል፤ የሰው ገላ ራሱ ሲግናል ይውጣል።

በብሉቱዝ ሲሆን ብዙ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። ቢከን የምትባል ትንሽ መሣሪያ መደርደሪያ ሥር ትለጠፍና በባትሪ ብቻ ለረጅም ጊዜ «እኔ እዚህ ነኝ» ስትል ትኖራለች። ሰሚው ስልኩ ላይ ያለው አፕ ነው። አፕል ይህን አይቢከን ብሎ ያስተዋወቀው በ2013 ነው (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አሜሪካ ውስጥ በነበሩት 254 መደብሮቹ ሥራ ላይ አዋለው። ከ2019 ወዲህ ደግሞ በአንዳንድ ስልኮች ውስጥ አልትራ ዋይድባንድ የሚባል ሌላ የሬዲዮ ዘዴ ገብቷል፤ እሱ ርቀት የሚለካው በሴንቲሜትር ደረጃ ነው። በቢከን ቢያንስ ደንበኛው አፑን ራሱ ጭኗል፣ ስልኩም ሎኬሽን ልስጥ ወይ ብሎ ጠይቆታል። ጥያቄው ሁልጊዜ ግልጽ ነው አልልም። ግን ጥያቄ አለ። ከጣሪያው ሆኖ ዝም ብሎ የሚያዳምጠው ዋይፋይ ግን ማንንም አይጠይቅም። የዚህ ደብዳቤ ዋና ነገር እሱ ነው።

አሁን ወደ ስክሪኑ እንምጣ። እናንተ የምታዩት አብዛኛውን ጊዜ ሪፖርቱን ነው፤ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ የተቀባ የወለል ካርታ። ቀዩ ሰው የሚበዛበት፣ ሰማያዊው ማንም የማይረግጠው። ያምራል፣ ማንንም አይጎዳም። እስቲ ከካርታው ሥር ያለውን ሠንጠረዥ ክፈቱት። እያንዳንዱ መስመር አንድ ስልክ ነው። መለያ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ። አንዱን መስመር ስትጫኑ ነጥቡ በካርታው ላይ መንቀሳቀስ ይጀምራል።

ለምሳሌ እንዲህ ያለውን ነጥብ ተከተሉት። በዋናው በር ይገባል። የጽዳት ዕቃውን ሳይቆም ያልፋል። የጤናና የንጽሕና ዕቃዎች ጥግ ሲደርስ ይቆማል፤ የእርግዝና መመርመሪያ ያለው እዚያ ነው። ሰባት ደቂቃ። ወደ ልብስ ክፍል ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። እንደገና አራት ደቂቃ። ምንም ሳይገዛ ይወጣል። በሦስተኛው ቀን ያው ቁጥር ይመጣል፣ በቀጥታ ወደዚያው ጥግ ይሄዳል፣ በካሸር በኩል ይወጣል። ስም የለውም። ግን ይህን አይቶ «ምንም አላወቅሁም» የሚል ማን ነው?

«ስህተቱ ጥቂት ሜትሮች ነው አላልክም እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። ብያለሁ። ያቺ ሴትዮ ሰባት ደቂቃ ሙሉ ስትመርጥ የነበረው አጠገቡ ካለው መደርደሪያ ላይ የጥርስ ብሩሽ ሊሆን ይችላል። ሲስተሙ ግን «ምናልባት» ብሎ አይጽፍም። ቦታውን ጽፎ ያልፋል። በኋላ ያንን መስመር የሚያነብ ሰው ወይም ማስታወቂያ የሚመርጥ ፕሮግራም እንደ እውነት ይወስደዋል። ትክክል ቢሆን ገመናዋ ነው፣ ስህተት ቢሆን የሌላ ሰው ታሪክ ተለጥፎባታል። የትኛው እንደሚሻል እኔንም ግራ ይገባኛል።

ስሙን ማግኘትም ብዙ ድካም አይጠይቅም። ነጥቡ ካሸር ቁጥር 3 ጋ የቆመው 11፡42 ላይ ነው እንበል። ካሸር ቁጥር 3 በ11፡42 የቆረጠው ደረሰኝ አንድ ነው። ክፍያው በባንክ ካርድ ወይም በአባልነት ካርድ ከሆነ ደረሰኙ ባለቤት አለው። ከኋላ ሌላ ሰው ተሰልፎ ስለነበር አልለይ ካለ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ግዢ ይለያል። ከዚህም የሚቀል መንገድ አለ። ደንበኛው አንድ ቀን ነጻውን ዋይፋይ ለመክፈት ስልክ ቁጥሩን ያስገባል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያ መለያ ቁጥር ስም አለው፤ ወደፊት ብቻ ሳይሆን ወደኋላም። ባለፈው ወር በዚያው ቁጥር የተመዘገበ «ስም የለሽ» መንገድ ሁሉ አብሮ ይያያዛል።

ይህ የእኔ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። በ2013 የወጣ አንድ ጥናት የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የ15 ወራት የሞባይል ስልክ እንቅስቃሴ መርምሮ ነበር። አንድ ሰው በየትኛው ሰዓት የት እንደነበር አራት ጊዜ ብቻ ማወቅ፣ 95 በመቶ የሚሆኑትን ሰዎች ከሌላው ሁሉ ለይቶ ለማውጣት በቂ ሆኖ ተገኝቷል። ያ ጥናት ቦታን የለካው በስልክ ማማ ርቀት ነው። እናንተ የምትለኩት በመደርደሪያ ርቀት ነው።

ሻጮቹ ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አላቸው። «ቁጥሩን ሀሽ እናደርገዋለን።» ማለትም በሒሳብ ቀመር አሳልፈን ወደ ሌላ፣ ተመልሶ ወደማይፈታ ቁጥር እንቀይረዋለን ነው። እንዲህ ሲባል ጥሩ ይመስላል። ግን ሊኖሩ የሚችሉት ማክ አድራሻዎች ብዛት የታወቀ ነው፤ ለአምራቾች የታደለው ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁሉንም በቀመሩ አሳልፎ የመልሶቹን ሠንጠረዥ መሥራት ይችላል። ይህንንም እንተወው። ያው ስልክ በመጣ ቁጥር ያው ሀሽ የሚወጣ ከሆነ ምን ተለወጠ? ቁጥሩ ሌላ ሆነ እንጂ ክትትሉ ያው ነው።

ፈረንሳይ ውስጥ ይህ ክርክር ፍርድ ቤት ደርሷል። ጄሴዴኮ የተባለው የማስታወቂያ ኩባንያ ከፓሪስ ወጣ ብሎ ባለው ላ ዴፋንስ የንግድ ሰፈር፣ በማስታወቂያ ሰሌዳዎቹ ላይ አላፊ አግዳሚውን በዋይፋይ የሚቆጥር መሣሪያ ሊገጥም አሰበ። የአገሪቱ የግል መረጃ ተቆጣጣሪ ክኒል በ2015 አልፈቅድም አለ። ኩባንያው ይግባኝ አለ። በፌብሩዋሪ 2017 የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ለተቆጣጣሪው ፈረደ። ሀሽ አለ፣ ተጨማሪ ምስጢራዊ ቁልፍ (ከመለያ ቁጥሩ ጋር ቀመሩ ውስጥ የሚገባ የተደበቀ ቁጥር) አለ፣ ግን ዓላማው የሰውን እንቅስቃሴና ተመልሶ መምጣቱን መለየት እስከሆነ ድረስ መረጃው ስም የለሽ ሆነ ሊባል አይችልም ነው ነገሩ። ለእኔ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለም። ተመልሼ ስመጣ የምታውቁኝ ከሆነ ታውቁኛላችሁ ማለት ነው። በኔዘርላንድስም ተቆጣጣሪው በ2018 ኩባንያዎች ሰውን በዋይፋይ መከታተል የሚችሉት እጅግ በተለየ ሁኔታ ብቻ ነው ብሏል።

ሌላው መልሳቸው «አሁን እኮ ስልኮቹ ራሳቸው ቁጥራቸውን ይቀያይራሉ» የሚል ነው። እውነት ነው። አፕል በ2014 በአይፎን ሶፍትዌሩ በአይኦኤስ 8 ጀመረው። አንድሮይድም ተከተለ፤ ከ2019ኙ አንድሮይድ 10 ወዲህ ስልኩ ከኔትወርክ ጋር ሲገናኝም በዘፈቀደ የተመረጠ ቁጥር መጠቀም የተለመደ ሆኗል። እሰየው። ግን አጥሩ ቀዳዳ አለው። በ2017 የአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚ ተመራማሪዎች በርካታ ስልኮችን ፈትሸው፣ የመቀያየሪያ ዘዴው ሊታለፍ የሚችልባቸውን መንገዶች በዝርዝር አሳይተዋል። ስልኩ አንዴ ከእናንተ ዋይፋይ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ለዚያ ኔትወርክ የመረጠውን ቁጥር ይዞ የሚቆይበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ተመልሶ ሲመጣ ትለዩታላችሁ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ይህንን እንደ መከላከያ ማቅረባቸው ነው። የስልክ ሠሪዎች ደንበኛችሁን ከእናንተ ለመከለል ሶፍትዌር መጻፍ ካስፈለጋቸው፣ ያ ለእናንተ ምስጋና ሊሆን አይችልም።

ለነገሩ የምትከፍሉበት ቁጥር ራሱ ያጠራጥራል። የግል ሕይወት ክርክር ባይነካችሁ ይህ ይነካችሁ ይሆናል። ቁጥሩን የሚቀያይር አንድ ስልክ መደብሩ ውስጥ ሲዞር ሦስትና አራት «አዲስ ጎብኚ» ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ስልክ፣ ሰዓትና ታብሌት የያዘ ሰው ሦስት ሰው ይሆናል። ልጅ ስልክ ስለሌለው ሰው አይደለም። ዋይፋዩን የዘጋም ሰው አይደለም። ሲግናል መስታወት አያስቆመውም፤ በበሩ ፊት ለፊት የሚያልፈው መንገደኛ እናንተ ጋ ገብቶ እንደወጣ ሊቆጠር ይችላል። በላያችሁ ያለው ፎቅ ቢሮ ከሆነ የዚያ ሠራተኞች «ታማኝ ደንበኛ» ሆነው ሲወጡ ማየት አይገርምም። ሻጩ ይህን በማስተካከያ ቀመር አርመነዋል ይላል። በግምት ላይ ግምት መሆኑ ነው። ከዚያ ግራፉ ተውቦ ስብሰባ ላይ ይቀርባል፣ መደርደሪያ ይነሳል፣ ሠራተኛ ይቀነሳል።

በሩ አናት ላይ የሚገጠም መቁጠሪያ ግን አለ። በሙቀት የሚሠራ አለ፣ ከላይ ሆኖ ርቀት በመለካት የሚሠራ አለ። ጭንቅላት ይቆጥራል፤ የማን ጭንቅላት እንደሆነ ግድ የለውም። ስልክ ይዛችሁ ግቡ አትያዙ አንድ ነው። ስንት ሰው ገባ፣ ስንት ሰው ወጣ፣ አሁን ውስጥ ስንት ሰው አለ የሚለውን ይመልሳል። የሰልፍ ርዝመትም እንዲሁ። የትኛው ዕቃ እንደሚሸጥና እንደማይሸጥ ደግሞ ካሸራችሁ ያውቃል። ከምትጠይቋቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ በዚህ ያልቃሉ።

ዋይፋዩን መጠቀም የግድ ከሆነም የሚሠራበት መንገድ አለ። ቁጥሩ እዚያው መሣሪያው ውስጥ ይቀየር፣ የመቀየሪያው ቁልፍ በየቀኑ፣ ከተቻለም በየሰዓቱ ይጣል። ወደ ሰርቨር የሚሄደው ድምሩ ብቻ ይሁን፤ በዚህ ሰዓት በዚህ ክፍል ይህን ያህል መሣሪያ ነበር፣ አለቀ። ድምሩ ሁለትና ሦስት ብቻ ከሆነ እሱም አይጻፍ፣ ምክንያቱም በባዶ መደብር ውስጥ ድምር ማለት አንድ ሰው ነው። ቁልፉ ማታ ከጠፋ የዛሬው እኔ ከነገው እኔ ጋር አይገናኝም። ይህን ለማድረግ አዲስ ዕቃ መግዛት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ብዙ ጊዜ ሴቲንግ ላይ ያለ ነገር ነው። ማንም አልጠየቀም እንጂ።

ያኔ መልስ የምታጡለት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ያው ሰው ተመልሶ መጣ ወይ? እሱን ከፈለጋችሁ ጠይቁኝ። የአባልነት ካርድ ስሞላ አንድ መስመር ጨምሩ፣ «በመደብሩ ውስጥ የሚሄዱበትን መንገድ ብንመዘግብ ይስማማሉ?» በሉ። ከካርዱ ጥቅም ጋር አታያይዙት፣ በራሱ ይቁም። እሺ የሚል ይኖራል። እኔ ምናልባት እሺ አልል ይሆናል፣ ግን አልቀየማችሁም።

«ማስታወቂያ ለጥፈናል» የምትሉ አላችሁ። ስለዚህ ማስታወቂያ ትንሽ ላውራ። አንዱን በቅርብ አይቼዋለሁ። የተለጠፈው በተንሸራታቹ የመስታወት በር ላይ ነው፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣ በፈዛዛ ግራጫ ፊደል። ሰው ሲጠጋ በሩ ይከፈታል። ሲከፈት የተለጠፈበት መስታወት ከሌላው መስታወት ጀርባ ይገባል። ስለዚህ ለማንበብ ወደኋላ ተመልሶ በሩ እስኪዘጋ መጠበቅ፣ ከዚያ ደግሞ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ጎንበስ ብዬ አነበብኩት። «አገልግሎታችንን ለማሻሻል መረጃ ልንሰበስብ እንችላለን» ይላል። ዋይፋይ አይልም፣ ስልክ አይልም፣ መረጃው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ አይልም። አንብቤ ሳልጨርስ ስልኬ ተመዝግቦ ነበር ብል አላጋነንኩም፤ ሲግናሉ ከበሩ ወዲህም ይሰማል።

ለምን እንዲህ እንደሚደበቅ ይገባኛል። ኖርድስትረም የተባለው የአሜሪካ መደብር በ2012 መጨረሻ ገደማ በ17 መደብሮቹ የዋይፋይ ክትትል ሞክሮ ነበር። በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። ደንበኞች አነበቡና ቅሬታቸውን አሰሙ፤ ሙከራው በሜይ 2013 ቆመ። ከዚህ ታሪክ ዘርፉ የተማረው መናገር እንደሚያስወቅስ ይመስላል። እኔ ደግሞ የሚታየኝ ሌላ ነው። ደንበኛው ባወቀ ማግስት ለመቆም የሚገደድ ሥራ፣ ቀድሞም የቆመው ባለማወቁ ላይ ነበር። በዚያው በ2013 ለንደን ከተማ መሀል የነበሩ 12 የቆሻሻ መጣያዎች የአላፊ አግዳሚውን ስልክ ሲመዘግቡ ተገኝተው፣ የአካባቢው አስተዳደር በኦገስት አስቁሟቸዋል። እዚያም ቢሆን መነጋገሪያ እስኪሆን ድረስ ሰዉ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

«የማይፈልግ ከክትትሉ ይውጣ» የሚለው አማራጭስ? የኖሚን ጉዳይ አንብቡ። ኖሚ ቴክኖሎጂስ ለመደብሮች ይህን ክትትል የሚሠራ ድርጅት ነበር። መከታተል የማይፈልግ ሰው በድረ ገጹም በመደብሩ ውስጥም ከክትትሉ መውጣት እንደሚችል ቃል ገብቶ ነበር። በ2015 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እንዳለው ግን በመደብሩ ውስጥ የሚባለው አማራጭ አልነበረም፤ በ2013 የመጀመሪያ ዘጠኝ ወራት ብቻ ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጉ መሣሪያዎች መረጃ ተሰብስቧል። ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። በድረ ገጽ ውጡ የሚሉትም ቢሆኑ መጀመሪያ የሚጠይቁት ማክ አድራሻ ነው። እንዳትከታተሉኝ መለያ ቁጥሬን ፈልጌ ልስጣችሁ ማለት ነው። ጉድ እኮ ነው። ስልኩ ቁጥሩን የሚቀያይር ከሆነ ደግሞ የሰጠሁት ቁጥር ነገ የእኔ አይደለም።

«ዋይፋይና ብሉቱዙን ይዝጋ» የሚለው ምክር ከሁሉ የበለጠ ያናድደኛል። በአይፎን ላይ ከ2017 ወዲህ ከላይኛው አቋራጭ ሜኑ ሲዘጋ ግንኙነቱ ይቋረጣል እንጂ ሬዲዮው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ለማጥፋት ሴቲንግ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። በአንድሮይድ ዋይፋይ ተዘግቶም ስልኩ ለሎኬሽን ብሎ ኔትወርክ ማሰሱን እንዲቀጥል የሚያደርግ ሌላ ማብሪያ አለ። ይህን የሚያውቅ ደንበኛ ስንት ነው? ያወቀውስ ቢሆን ብሉቱዝ ለጆሮ ማዳመጫ ብቻ አይደለም። የመስማት ችግር ያለባቸው ሰዎች ማዳመጫቸውን ከስልክ ጋር የሚያገናኙት በብሉቱዝ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ክንዱ ላይ የለጠፈው መለኪያ ንባቡን ወደ ስልኩ የሚልከው በብሉቱዝ ነው። «ካልፈለጋችሁ ዝጉት» የምትሉት እነዚህን ሰዎች ነው።

«ኦንላይን መደብሮች እያንዳንዷን ክሊክ ይከታተሉ የለ ወይ? እኛ ምን አጠፋን?» የሚለው ክርክር ትንሽ እውነት አለው። የምትወዳደሩት ከእነሱ ጋር ነው። ግን እነሱም የሚወቀሱበትን ነገር መቅዳት መብት አይሆንም። ደግሞ ብራውዘር ሊዘጋ፣ ሊጸዳ፣ በሌላ ሊቀየር ይችላል። መደብር ውስጥ ያለው እኔ ነኝ፣ በእግሬ የመጣሁት።

በዚህ ነገር የሚረሱት ሠራተኞቻችሁ ናቸው። እነሱም ስልክ አላቸው፣ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ናቸው። የእነሱ ነጥብ መጸዳጃ ቤት ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ምሳ ላይ ከማን ጋር እንደተቀመጠ በዚያው ሠንጠረዥ ውስጥ አለ። ደንበኛ ቅር ካለው ሌላ መደብር ይሄዳል። ካሸሯ የት ትሄዳለች? ስልካቸው ጨርሶ እንዳይመዘገብ ማድረግ የመጀመሪያው ሥራ ቢሆን ደስ ይለኛል።

በደንብ የተሠራ ነገር ስለማየቴም ልናገር፣ ወቃሽ ብቻ እንዳልመስል። የለንደን የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በ2016 መጨረሻ ላይ በ54 ጣቢያዎች የተሳፋሪዎችን እንቅስቃሴ በዋይፋይ ለአራት ሳምንት አጥንቷል። 5.6 ሚሊዮን መሣሪያዎች፣ 509 ሚሊዮን መዝገቦች። ብዙ ነው። ግን አስቀድሞ ለሕዝብ ተናገረ፣ በጣቢያዎቹ ማስታወቂያ ለጠፈ፣ የሙከራውን ጊዜ ወሰነ፣ ያገኘውንም አሳተመ። መውጫው «ዋይፋዩን ዝጉ» መሆኑ አልተዋጠልኝም። ቢሆንም ሰዉ ምን እየተደረገ እንዳለ ያውቅ ነበር፤ ከእናንተ ያጣሁት እሱን ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬን ላስቀምጥ። ከሲስተሙ ሻጭ ጋር የተፈራረማችሁትን ውል አውጡና አንብቡት። መረጃው የሚቀመጠው በማን ሰርቨር ላይ ነው? ለስንት ጊዜ? ሻጩ ለሌሎች መደብሮችም ይሠራል፤ እናንተ ጋ የታየውን ስልክ ሌላ መደብር ከታየው ጋር የማገናኘት መብት ሰጥታችሁታል ወይ? ውሉ ሲያልቅስ የተሰበሰበው ይጠፋል ወይስ ከእሱ ጋር ይሄዳል? መልሱን የማታውቁ ከሆነ የደንበኞቻችሁን መንገድ ለማታውቁት ሰው ሰጥታችኋል ማለት ነው። ከአንድ ቀን በላይ የሚቆየውን መለያ ቁጥር አስቁሙ፤ እስካሁን የተጠራቀመውን አስጠፉ፣ መጥፋቱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ማስታወቂያውን ከተንሸራታቹ በር ላይ አንሱና በማይንቀሳቀስ ግድግዳ ላይ፣ በዓይን ትክክል፣ በደማቅ ፊደል ለጥፉት። «የስልክዎን የዋይፋይ ሲግናል እንቆጥራለን፤ የማን እንደሆነ አናውቅም፤ ማታ ይጠፋል» ብትሉ ይበቃል። ከመጻፋችሁ በፊት ግን እውነት መሆኑን አረጋግጡ።

መልሳችሁን ለእኔ ከመላክ በድረ ገጻችሁ ላይ ብታወጡት ይሻላል። ጠያቂው እኔ ብቻ አይደለሁም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

አንድ የኔትወርክ ባለሙያ፣ የእናንተም ደንበኛ

ግልባጭ፦
ለግል መረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪዎች (የመደብሩን ፖሊሲ ሳይሆን ጣሪያው ላይ ያለውን መሣሪያ ሴቲንግ እንድትጠይቁ)
ለክትትል ሲስተም ሻጮች (በየቀኑ የሚጣለው ቁልፍ ከመጀመሪያው የተከፈተ ሴቲንግ ሆኖ እንዲመጣ)